ሰባት ቀን በግቢያችን ያደረው ዕቃ

ይህን የምጽፈው ማንም ጻፍ ብሎኝ አይደለም። እንዲያውም አትጻፍ ያሉኝ ይበዛሉ። የከተማችንን ስም አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃትም ስሟን ቢሰማ የሚጨምርለት ነገር የለም። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ በሳምንት ሦስት ቀን መብራት ይጠፋባታል። ለዛሬው ይህ ይበቃል።

ከተማችን ከሌሎች የምትለይበት አንድ ልማድ ነበራት። ማናቸውም ዕቃ፣ ከጥፍር መቁረጫ እስከ ቴሌቪዥን፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ሰው ቤት ሰባት ቀን ማደር ነበረበት። ይህን ቤት አሳዳሪ ቤት እንለዋለን። አሳዳሪው ዕቃውን እንደ ራሱ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ጎረቤትም እየገባ ይነካካዋል፣ የመሰለውን ይናገራል። በሰባተኛው ቀን አሳዳሪው በቢጫ ወረቀት ላይ ስድስት ጥያቄ ይመልሳል። ጥሩ ጎኑ ምንድን ነው? ጉድለቱስ? ድምፁ ይረብሻል ወይ? ለመልመድ ስንት ቀን ፈጀ? በእርግጥ ሠርቷል ወይ፣ የትስ ላይ? ለጎረቤትዎ ይመክሩታል? ወረቀቱን የሰባት ቀን ሹም የሚባለው ሰው ይወስደዋል። አሳዳሪው ይለፍ ካለ ያልፋል፣ አይለፍ ካለ ወደ መጣበት ይመለሳል።

እኔ ደረበ እባላለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት አሳዳሪ ነበርኩ። ራሴን ማመስገን ባልወድም፣ በከተማው እንደ እኔ የሚፈራ አሳዳሪ አልነበረም። ፊት አይቶ ይከፈታል የተባለ ስልክ ለባለቤቴ ወንድም ሲከፈትለት ያየሁ ጊዜ በዚያው ቀን አይለፍ ብያለሁ። እኔና እሱ በምን እንመሳሰላለን? የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓትም መጥቶ ነበር። ባለቤቴ አልጋነሽ በእጇ ላይ አስራው ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰዓቱ «ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነዎት» አላት። እሱንም መለስኩት። በሩ ሲከፈት «ዝጉኝ፣ ዝጉኝ» እያለ የሚጮኸውን ማቀዝቀዣ ግን አሳልፌዋለሁ፤ ምክንያቱም ልክ ነበር።

የከተማችን ሰው ስለ ዕቃ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ባትሪ ጠይቀኸው አላውቅም የሚል ሰው ካጋጠመህ በእርግጥ እንግዳ ነው። ከሁሉ በላይ አዋቂው ደግሞ አጥር የምንጋራው ፍሬሰንበት ነው፤ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ የጠገነውን ስልክ መልሶ እስኪበላሽ ድረስ ቆሞ ያብራራልሃል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ።

ያ ዕቃ የመጣው ሰኞ ጠዋት፣ ስድስት ጎማ ባለው መኪና ተጭኖ ነው። የሰባት ቀን ሹሙ ራሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሹሙ ቀጭን፣ ትሑት፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ነው።

«አቶ ደረበ፣ ዕቃ አምጥተንልዎታል» አለኝ።

ሸራው ሲገለጥ ክው አልኩ። መድፍ ነበር። አንገቱ ከቤቴ ጣሪያ በላይ የሚዘልቅ፣ በጎኑ ስክሪን ያለው፣ አመድማ ቀለም የተቀባ መድፍ።

«ይሄ መድፍ ነው እኮ!»

«ዕቃ ቁጥር ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

«መድፍ ሰው ቤት ያድራል እንዴ?»

«ሕጉ ማናቸውም ዕቃ ነው የሚለው» አለ ሹሙ በለሆሳስ። «መድፍን ለይተን ብናሳልፍ ነገ ሌላው እኔስ ይላል። ለአንድ የፀጉር ማድረቂያ ያዳላን ጊዜ የመጣብንን እርስዎም ያስታውሳሉ።»

አስታውሳለሁ። ፈረምኩ።

መድፉ ግቢውን ሞላው። ከእሱ ጋር ሁለት መቶ ገጽ መመሪያ መጥቷል። የመጀመሪያው ገጽ «እኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ከውሃ ያርቁት ይላል። ሦስተኛው ገጽ የርቀት መቆጣጠሪያው ባትሪ አብሮ እንደማይመጣ ይገልጻል። ፍሬሰንበት አጥሩን ዘሎ መጥቶ ነበርና ይህን ሲሰማ ከራሱ ሬዲዮ ሁለት ባትሪ አውጥቶ አመጣልኝ። ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ያነበበ ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከምሳ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አንድ ሰው እንኳ «ምነው፣ ይህን ነገር ከልጆች መሀል ምን አመጣው?» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ሰው አላለም። መድፉን እየዞሩ ይመታቱታል፣ ያሸቱታል።

«ቀለሙ ጥሩ ነው፤ አቧራ አያሳይም» አሉ ከታች ሰፈር የመጡት ወይዘሮ ስንዱ።

«ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም» አለ አንዱ።

«ይታያል፣ አንተ ቆመህበት ነው እንጂ» አለ ሌላው።

«የአምናው ሞዴል አንገቱ አጭር ነበር» አለ ፍሬሰንበት። የአምናውን ሞዴል የት እንዳየው የጠየቀው አልነበረም። «ይሄኛው ርቀት ላይ ሠርተውበታል። ሶፍትዌሩ ግን ትንሽ ከበድ ይላል፣ ቀስ እያለ ነው የሚከፈተው።»

እኔ ግን ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርቼ «አልጋነሽ፣ ሰዎቹ አብደዋል?» አልኳት።

«እነሱ ምን ያድርጉ፣ የፈረምከው አንተ ነህ» አለችኝ።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። የዚያን ቀን ፍሬሰንበት በመድፉ ሆድ በኩል ስምንት የቻርጀር ቀዳዳ አገኘ። ስልኩን ሰካ፤ በሃያ ደቂቃ ሞላለት። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀበት። እስከ ማታ ድረስ ሰው ስልክ ይዞ በራፌ ላይ ተሰለፈ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሽቦው እንደ ሐረግ ተንዠርግጎ መድፉ ራሱ አይታይም ነበር። «እንዲህ ያለ ቻርጀር አይተን አናውቅም፣ ለየቤቱ አንድ ቢሰጡን» ይሉ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ለመድኩት። የራሴንም ስልክ ሰክቼበታለሁ። በወረቀቴ ላይም ጥሩ ጎን በሚለው ሥር ስለ ቻርጀሩ አራት መስመር ጻፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት አልጋነሽ ልብስ አጥባ ልታሰጣ ብትወጣ የመድፉ አንገት ፀሐዩን ከልሎታል። «ይህን አንገቱን ወደዚያ አድርግልኝ» አለችኝ። መቆጣጠሪያውን አነሣሁና የቀስት ምልክት ያለበትን ተጫንኩ። አንገቱ እያጓራ ዞሮ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋራው አፈጠጠ፤ ገመዱ ላይም ፀሐይ ወረደበት። ስክሪኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ «እሺ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እሺ አልኩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ ማን አንብቦ እሺ ይላል? ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ እሱንም እሺ አልኩት። ከዚያ «ተይዟል» አለና ዝም አለ።

በዚያው ሰዓት ዘርፌ በአንገቱ ሥር አልፋ ገባች። ዘርፌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ሲጥልም ሳይጥልም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወተት የምታመጣልን ሴት ናት። ባለቤቴ ጀሪካኑን ተቀብላ የትናንቱን ባዶ ትሰጣታለች፤ ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋይ ይባባላሉ፤ በቃ። ዘርፌ የዚያን ቀን ቀና ብላ አንገቱን አየችና ሄደች።

ዓርብ ዕለት ሹሙ ሊጎበኘን መጣ። ወረቀቴን አገላብጦ ቅር አለው።

«አምስተኛው ጥያቄ ባዶ ነው፣ አቶ ደረበ።»

«ስልክ ቻርጅ አድርገንበታል እኮ። አርባ ሦስት ስልክ።»

«እሱ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ዋናውን ሥራውን አንድ ጊዜ መሥራት አለበት። የጁስ መፍጫውን ፍሬ ሳይከቱበት ነው እንዴ ያሳለፉት?»

«ኧረ ከትቼበታለሁ።»

«እንግዲህ።»

ግቢ ውስጥ የነበረው ሰው ወዲያው ተነቃቃ፤ ክርክሩ ወዴት ይሞከር በሚለው ላይ ሆነ። ፍሬሰንበት በሰሜን በኩል የሚስቱ ዘመዶች እንዳሉ ተናገረ። ወይዘሮ ስንዱ በደቡብ መቃብሩ ስላለ ያረፉትን መረበሽ ነውር ነው አሉ። በምዕራብ ያለው ገበያው ነው፤ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ምን ሊበላ ነው ተባለ። በዚህ መሀል ፍሬሰንበት ስክሪኑን በመዳፉ ከልሎ አነበበ።

«ምን ያጨቃጭቀናል? አቅጣጫው ተይዟል እኮ። ምሥራቅ ነው።»

«ማነው ያስያዘው?» አለ ሹሙ እስክሪብቶውን እያዘጋጀ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ልብስ ለማስጣት ነው።»

«ጎበዝ! ለመልመድ ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀብዎት ማለት ነው» አለና ጻፈው።

«በምሥራቅ ማን አለ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሁሉም በልቡ ዘመዶቹን ቆጠረ። «ሜዳ ነው» አለ ፍሬሰንበት።

አልጋነሽ ከጓዳው በር ላይ ሆና «ዘርፌ ከወዴት ነው የምትመጣው?» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «በበሩ ነዋ!» አለ አንድ ቀልደኛ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር።

ሹሙ ሙከራው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ብሎ ሄደ። እኔን ግን የባለቤቴ ጥያቄ ሲበላኝ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ዘርፌን በር ላይ ጠበቅኋት።

«ዘርፌ፣ ለመሆኑ አገርሽ በየት በኩል ነው?»

ፊቷ በራ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ቅርብ እኮ ነው ጋሼ ደረበ። ከጋራው ወዲያ፣ ሁለት ሰዓት መንገድ።» በአገጯ በመድፉ አንገት ትክክል አመለከተችኝ። «ይኸው፣ ይህ ዕቃዎ የሚያየው ወደ እኛ ቤት ነው። አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ከሥሩ እኔና እኅቴ ይታይሽ ነን። ላሞቹን የምታልብ እሷ ናት፣ ይዤ የምመጣው እኔ። እግሯን ያማታል እንጂ እሷም አንድ ቀን መጥታ ብታያችሁ ትወድ ነበር።»

ዘርፌ መድፉን በእጇ ዳበስ አደረገችው።

«ያምራል። ምን ያደርጋል?»

ሁሉን ነገር ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ብዬ እጀምራለሁ? ልብስ ላሰጣ ብዬ ቤትሽ ላይ መድፍ አነጣጠርኩ ይባላል? ደግሞም ወዲያው አዞረዋለሁ፣ ያልተፈጠረ ነገር ነግሬ ለምን አስደነግጣታለሁ አልኩ።

«ስልክ ቻርጅ ያደርጋል» አልኳት።

«እውነት?» አለችና ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለች ባለቁልፍ ስልክ አወጣች። «እኛ ዘንድ መብራት የለም፤ ገበያ እየወሰድኩ ነው የማስሞላት። ይታይሽም ዘንድ አንድ አለች። እንግዲያው እስከ ነገ ትደርልኝ፣ ጥግብ ትበል።» ራሷ ሰካቻት። መርቃኝ ሄደች።

እንደወጣች መቆጣጠሪያውን ይዤ ቀስቱን ተጫንኩ። መድፉ አልተነቃነቀም። «የተያዘ አቅጣጫ ለመለወጥ የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለኝ። የምን የይለፍ ቃል? የልደት ቀኔን ሞከርኩ፣ የአልጋነሽን ሞከርኩ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ያለውን ቁጥር ሞከርኩ። ከሦስተኛው በኋላ «ለደኅንነትዎ ሲባል ተቆልፏል» አለኝ። ለደኅንነቴ!

ፍሬሰንበትን ጠራሁት። እሱም አጥፍቶ አበራው፤ ለውጥ የለም። በዚያን ጊዜ ቢጫውን ወረቀት አውጥቼ በትልቁ አይለፍ ብዬ ጻፍኩና ሹሙን አስጠራሁ። እፎይ አልኩ። በአሥራ አራት ዓመት አይለፍ ብዬ ያልተከበረልኝ ቀን የለም።

ሹሙ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «አይለፍ ማለት መብትዎ ነው። ግን አምስተኛው ጥያቄ ባዶ ሆኖ አይለፍ አይባልም። አሳዳሪው ዕቃውን ማሠራት ካልፈቀደ የቀረውን ቀን የሚቀጥለው ቤት ያሳድረዋል።» ወደ ፍሬሰንበት ዞረ። «ይረከባሉ?»

ፍሬሰንበት በደስታ ቀላ። አሳዳሪ ለመሆን ስንት ዓመት ሲመኝ እንደኖረ አውቃለሁ። መድፉ ግን ለመግፋት ከባድ ነበር። ስለዚህ አጥሩን አነሡት። ስድስት ሰዎች ሆነው እንጨቱን ነቅለው ከመድፉ ወዲህ ተከሉት፤ መድፉ ሳይነቃነቅ የፍሬሰንበት ግቢ ውስጥ ሆነ።

በአዲሱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ለመንኩት። «ፍሬሰንበት፣ በሞቴ፣ ወደ ዘርፌ ቤት ነው የሚያየው። ነግራኛለች።»

«አይ ደረበ! ሜዳው ሰፊ አይደለም እንዴ? ልክ እሷ ቤት ላይ ምን ያሳርፈዋል?»

«ቢያርፍስ?»

ትንሽ አሰበ። «ካረፈማ ዕቃው ጥሩ ነው ማለት ነው። ከሳተ ደግሞ ጉድለት ብለን እንጽፍበታለን።» ይህን ያለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እንደ ወዳጅ እያባበለኝ ነው።

ለምን በዚያው ሰዓት ጋራውን ተሻግሬ አልሄድኩም? ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ሙከራው በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ዘርፌ በአንድ ሰዓት ተኩል ወተት ይዛ ትመጣለች፣ ያኔ እነግራታለሁ፣ ሮጣም ቢሆን እኅቷን ታወጣለች ብዬ አሰብኩ። አሳቡ በጣም ትክክል ይመስል ነበር።

እሑድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ምድር ተናወጠች። የመስኮቱ መስታወት ረገፈ። ሳሙናውን ዓይኔ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ነው፤ የመድፉ አንገት ይጨሳል። ሰዓቱ ገና አንድ ሆኖ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት አልነበረም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ከቀትር በኋላ የምጎበኘው የካውያ ማሽን አለብኝ» አለ ሹሙ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «በጠዋቱ ብንጨርስ ብዬ ነው።»

«ድምፁ ትንሽ በዛ» ይሉ ነበር ወይዘሮ ስንዱ። «እኔ እንኳን የጠበቅሁት ከዚህ በላይ ነበር» አለ ሌላው። አንዱ ደግሞ «ቻርጄ ተቋረጠብኝ!» ብሎ ይነጫነጫል።

በራፌ ላይ ተቀመጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘርፌ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ደረበ፣ መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር በላዬ አለፈ። እያፏጨ። ወደ እኛ በኩል ነው የሄደው። እስቲ ስልኬን፣ ይታይሽን ልጠይቃት።»

ፍሬሰንበት ስልኳን ነቅሎ በአጥሩ ላይ አቀበላት። ባትሪው ሞልቷል። ደወለች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እንደገና ደወለች።

«አይገባም» አለች።

ሰፈሩ በሙሉ ሊረዳት ተነሣ። «ኔትወርክ ነው፣ የዚያ አካባቢ ድሮም ደካማ ነው።» «አጥፍተሽ አብሪው።» «ሲሙን አውጥተሽ ጥረጊው።» ፍሬሰንበት ስልኩን ከእጇ ወስዶ ጀርባውን ከፈተ፣ ነፋበት፣ መልሶ ገጠመው። የሚያውቅም የማያውቅም የየራሱን አለ። ወዴት እንደተተኮሰ ሁሉም ያውቅ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ስለዚያ አልተነፈሰም፤ እኔም አልተነፈስኩም።

«ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል» አለ ፍሬሰንበት በመጨረሻ። «ነይ፣ እዚህ ላይ ውጪ።» እጇን ይዞ መድፉ ላይ አወጣት። በሰፈሩ ከእሱ የሚበልጥ ከፍታ የለም። ዘርፌ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ገና ትኩስ የሆነውን አንገት በአንድ እጇ ተደግፋ፣ በሌላው ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆመች።

ከዚያ ሆና ከጋራው ወዲያ ጭስ ሲነሣ አየች። እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም ሳይደግፋት ወረደችና ሮጠች። ሹሙ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ ኋላ እንዳየሁት «ከፍታው ለኔትወርክ ይጠቅማል» የሚል ነው። ጉድለት በሚለው ፊት «የለም» ተብሎ ተጽፏል። አምስተኛው ጥያቄም ተሞልቷል፤ ከሥሩም አቅጣጫውን ያስያዘው ተብሎ ስሜ ከነአባቴ ሰፍሯል። ዕቃው አልፏል።

እኔ ተከትያት ሄድኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ አልደረስኩባትም። ስደርስ ግራሩ በግማሽ ቆሟል፤ ከሥሩ ቤት የለም። አንዲት ላም ጉድጓዱ ዳር ላይ ቆማ ትጮሃለች፤ ጡቷ ሞልቶ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ያን ጠዋት ተራዋ ደርሶ ያለባት አልነበረም። ዘርፌ በእጇ አፈሩን ትቆፍር ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ አብሬያት ቆፈርኩ። ስልኳ ከጎናችን ድንጋይ ላይ ነበረች፣ አሁንም ሙሉ ናት።

ብዙ ከቆፈርን በኋላ እጇን አቆመች። አላለቀሰችም። ዞራ አየችኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፣ ግራ የገባው ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሼ ደረበ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል ነው እኮ ያሉኝ።»

«አዎ» አልኳት። «እንደዚያ ነው ያልኩሽ።»